አሥር ለአሥር

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 16 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለቤቴ በኩር፣

አንቺ፣ ባለቤትሽና ትንሿ ልጅሽ እንዴት ሰነበታችሁ? ጉንፋኑስ ለቀቃት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ቃል ባለፉት ደብዳቤዎቼም ሁሉ ጽፌልሻለሁ። ያን ጊዜ እንዲያ የጻፍኩት፣ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር ስለማላውቅ ነበር። የዛሬውን ግን አምነሽ ተቀበይኝ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። እናትሽ ያረፈች ጊዜ፣ ዓመት ሲሞላት ሱቁን ዘግቼ ካንቺ ጋር ለመኖር እንደምመጣ ቃል ገብቼልሽ ነበር። አንቺም ክፍል አዘጋጅተሽ፣ አልጋ አስገብተሽ፣ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ እንደሚያገኝ ሳይቀር ጽፈሽልኛል። እዚህ ደግሞ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ሊያሰፋ ሱቄን ይፈልጋል። ባየኝ ቁጥር «እንዴት ነው ነገሩ?» ይለኛል፤ ቁልፉን ማለቱ ነው። ሁለታችሁም እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገረን ብላችኋል። ይህን ወረቀት ያነሣሁት ቁርጡን ልነግርሽ ነው፤ እንዴት እንደደረስኩበት ካልሰማሽ ግን አይገባሽምና ታገሺኝ። የጫማ ሰሪ ወሬ ከታች ነው የሚጀምረው።

ፍሬን የምንለውን ሰውዬ ታስታውሺዋለሽ፤ የአውቶቡስ ሾፌር የነበረው፣ ከፌርማታው አሥር ሜትር ካላለፈ የማይቆመው። ጡረታ ወጥቷል። ያለፈው ክረምት ሲወጣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የስፖርት ጫማ ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። የክለባቸው ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ ጡረተኞች ተሰብስበው የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወታሉ። ጫማዎቹን አገላብጬ ባይ ሁሉም ከፊት፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ነው ያለቁት። አርባ ዓመት ጫማ ሳድስ እንዲህ ያለ አበላል በሽማግሌ ጫማ ላይ አላየሁም። ሽማግሌ በተረከዙ ነው የሚሄደው፤ ጫማውም ከታኮው ነው የሚያልቀው። አረጋገጡን ሳላይ ሶል እንደማልቆርጥ ታውቂያለሽ። ፍሬንም «እንግዲያው መጥተህ እያ» አለኝ፤ ሄድኩ። ልጄ፣ ለሥራ ብዬ ነው የሄድኩት።

ያን ሰሞን እንዴት እንደነበርኩ አልነገርኩሽም። የሱቁን በር ግማሹን ብቻ ነበር የምከፍተው። ምሳ መብላቴን የማውቀው የቆሸሸ ሳህን ሳይ ነው። ጸሎቴን አላቋረጥኩም፤ ምን እለምን እንደነበር ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንቺም አልናገርም። ያን ልመናዬን እንዳልሰማ ሆኖ ስላለፈኝ እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አለ። የአንደኛው እግር አጭር ስለሆነ ካርቶን አጥፈው ከሥሩ ወሽቀውለታል። ሸሚዛቸውን እስከ ክርናቸው የጠቀለሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያሰሩ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች እንደ ትምህርት ቤት ልጅ «ተራው የኔ ነው» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። መካከላቸው ሃያ ዓመት ጸጉሬን የቆረጠኝ ሰው አለ፤ ምላጭ ይሉታል፣ ለእጁም ለምላሱም የወጣ ስም ነው። ጥግ ይዤ ጫማ ጫማቸውን ሳይ ተመለከተኝና ራኬት ወረወረልኝ። የመጀመሪያዋ ኳስ ግንባሬ ላይ አረፈች። ሳላስበው ሳቄ መጣ። ፍሬን ጠጋ ብሎ «ጥርስህን ካየሁ ብዙ ወር ሆነኝ፤ አንዷ የት ሄደች?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አልቀረሁም። መጀመሪያ ላይ ያበድኩትንም ልንገርሽ። የክለቡ ራኬት ጎማው ሲላላ አይቼ ራሴ ላድሰው አልኩና የቀረችኝን ምርጥ የሶል ጎማ ቆርጬ በማስቲሽ ለጠፍኩበት፣ ዳሩንም በክር ሰፋሁት። ሲያዩት ያምራል። ኳሷ ግን ነክታው እዚያው ወደቀች። ምላጭ አንሥቶ አሸተተውና «ይሄ እንኳ ለመራመድ ነው የሚሆነው» አለ። እስከ ዛሬ የአዳራሹ በር እንዳይዘጋ ድጋፍ ሆኖ ያገለግላል።

ስንጨርስ ግድግዳው ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ እንደረደራለን። ጡረታ የወጣች ነርስ አለች፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት፣ ዳኛችንም እሷ ናት። ሻይ በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች። ላቤ ሳይደርቅ ነፋሱ ጀርባዬን ሲነካኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ያችን ሻይ ፉት ስል፣ ፍሬን ብርቱካኑን ልጣጩ ሳይበጠስ ልጦ ሲያካፍለን፣ ስንት ዓመት ሻይ ጠጥቼ ብርቱካን በልቼ ጣዕሙን የት ጥዬው እንደነበር እገረማለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ዳቦው ከምድጃ የሚወጣበት ሰዓት ነው። አንዱን ትኩሱን እገዛና ቤቴ ሳልደርስ ግማሹ ያልቃል።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። እናትሽ አመሻሽ ላይ «ትንሽ ወጣ ብለን እግራችንን አፍታተን እንመለስ» ትለኝ ነበር። እኔ ሁልጊዜ የሰው ጫማ ቀጠሮ አለብኝ። የአገሩ ሰው ሁሉ እንዲራመድ ስደክም የሚስቴን እግር ብቻውን ሰደድኩት። ይህን ለእግዚአብሔር ተናግሬያለሁ፤ አንቺም እወቂው ብዬ ነው።

አሁን ወደ ቁርጡ ልምጣ። የክለቡ የዓመቱ ውድድር ትናንት ነበር። ዓርብ ማለዳ ስጸልይ፣ ሲነገር የሚያሳፍር ውል ገባሁ። ጌታ ሆይ፣ ካሸነፍኩ እዚሁ ልቅር፤ ከተሸነፍኩ ቁልፉን ለዳቦ ጋጋሪው ሰጥቼ ወደ ልጄ ልሂድ አልኩት። በስልሳ ስምንት ዓመቴ! ራሴ መወሰን ስላቃተኝ ፈጣሪን የኳስ ዳኛ ላደርገው አማረኝ።

ሦስት ሰው አሸንፌ ለመጨረሻው ደረስኩ፤ የገጠመኝ ምላጭ ነው። ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። የመጀመሪያውን አሥራ አንድ ለሰባት በላኝ። ልመታ ስዘጋጅ ቀድሞ ያውቅብኛል፤ ኳሴ ሳትነሣ እሱ ቦታዋ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ዓይኔ ወደ እግሩ ሄደ። ያን ጫማ ሦስት ጊዜ አድሼዋለሁ። የቀኙ ታኮ በውጭ በኩል ተንሻፎ ነው የሚያልቀው፤ ይህ ዳሌው ላይ መደገፍ የሚፈራ ሰው ጫማ ነው። ኳሱን ሁሉ ወደ ቀኙ ዳር ላክሁበት፤ አልደረሰባትም። አሥራ አንድ ለስምንት የኔ ሆነ። ሰው አጨበጨበልኝ፤ ልቤ ግን አልተደሰተም። ሰው ጫማውን አምኖ ሲሰጠኝ ሕመሙንም አብሮ መስጠቱ ነው፤ ያን አውጥቼ ልመታበት ይገባኛል? ውሃ ልንጠጣ ቁጭ ስንል ነገርኩት።

«ምላጭ፣ የቀኝ ታኮህ በውጭ በኩል ነው የሚበላው። ዳሌህን እንደምትፈራ አውቄ ነው ወደዚያ የላክሁብህ።»

ፊቱን በፎጣ ጠረገ። «ጨርሰሃል?»

«ጨርሻለሁ።»

«ያንተ አንገት ደግሞ ልትመታ ስትል ይገተራል። ሃያ ዓመት ምላጭ ላስጠጋው ስል እንደዚያው ነው። የመጀመሪያውን ዙር በምን ያሸነፍኩህ መሰለህ፣ በቁመናዬ?»

ሲስተር ከወንበሯ ላይ ሆና «ኑዛዜው ካለቀ ወደ ጠረጴዛው» አለችን።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አልኩት።

«ምንም። አንተም ዳሌዬን አትተው፣ እኔም አንገትህን አልተውም። ለመተዛዘን ከሆነ ቤታችን እንቀመጥ ነበር።»

ልጄ፣ ከቀብሩ ወዲህ ያልታዘነልኝ የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም።

በሦስተኛው ዙር ያለንን ሁሉ አወጣን። እሱ ሁለት ሲመራ እኔ ስደርስበት፣ እኔ ሳልፈው እሱ ሲይዘኝ አሥር ለአሥር ሆንን። እንዲህ ሲሆን ሁለት አከታትሎ ያገባ ነው የሚያሸንፈው። ሰርቩ፣ ኳሷን ማስጀመሩ፣ የኔ ነው። ኳሷን መዳፌ ላይ አስቀምጬ ሳለሁ ያ ውል ትዝ አለኝና ሳልመታት ቆምኩ። ዳቦ ጋጋሪው ታየኝ፤ ያንቺ መስኮት ታየኝ። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁት፤ ሰውዬ፣ አሁን ብትሸነፍ እውነት ቁልፉን ልትሰጥ ነው? መልሱ ከሐሳቤ ቀድሞ ከሆዴ ወጣ፤ አልሰጥም። ብሸነፍማ ይህን ሰው መልሼ ሳልገጥመው የት እሄዳለሁ? ነገ ጠዋት ልነቃ የምፈልግበት ነገር አለኝ ማለት ነው። ይህን ለካ ካወቅሁት ሰንብቻለሁ፤ ፈቃድ ስጠብቅ ነበር። ጌታ ሆይ፣ ያን የሕፃን ውል ተውልኝ አልኩ። አንገቴም ላላ።

ምላጭ አንገቴን ሲጠብቅ ኳሷ አለፈችው። አሥራ አንድ ለአሥር።

ሰርቩ የእሱ ሆነ። ኳሷ ብዙ ተመላለሰች። ወደ ቀኙ ዳር ላክሁበት፤ የሚፈራው ዳሌው ላይ ተደግፎ ደረሰባት፣ መለሳትም። እንዲህ ያለ መልስ ከእሱ አልጠበቅሁም። እንደምንም ተንጠራርቼ በራኬቴ ጫፍ ገፋኋት፤ መረቡን ለጥቂት አልፋ በግራው በኩል ወረደች። ለመመለስ ዞረ፣ አልደረሰባትም።

ሁለት እጄን ወደ ላይ ሰቀልኩ። ሰው እንዲህ ሲያደርግ እንደ ጉራ የምቆጥር ሰው ነበርኩ። ፍሬን አግዳሚው ላይ ቆሞ ያፏጫል፣ ሲስተር ውረድ ትለዋለች። ምላጭ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና አቀፈኝ፤ በጆሮዬም «ሰኞ ጸጉርህን ልትቆረጥ ና፤ ያን አንገት ብቻውን ላገኘው እፈልጋለሁ» አለኝ። ሽልማቱ አዲስ ፔርሙዝ ነው። ቤት እስክደርስ እንደ ታቦት አቅፌው ሄድኩ፤ እግዚአብሔር ለአነጋገሬ ይቅር ይበለኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ ልኖር አልመጣም። ዳቦ ጋጋሪውንም ዛሬ ጠዋት ምድጃህን ወደ ጓሮ አስፋ ብዬዋለሁ። ቃሌን ማጠፌ ያሳፍረኛል። ያን ቃል የገባልሽ ሰው ግን የሚያርፍበት ቦታ እንጂ የሚኖርበት አልነበረም የሚፈልገው። አንቺን መራቅ እንዳይመስልሽ፤ ለእኔ ብለሽ ያነጠፍሽውን አልጋ ሳስብ ዓይኔ በእንባ ይሞላል። ክረምት ሲገባ ለአንድ ወር በእንግድነት እመጣለሁ፤ እንግዳ ሆኜ ልወደድ። እስከዚያ በአቅራቢያሽ ጠረጴዛ ካለ አጣሪልኝ፤ ልጅሽንም ኳስ መያዝ አስለምጃት፣ የቀረውን እኔ አለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በደወልሽ ቁጥር ገና በመጀመሪያው ጥሪ ለምን እንደማነሣው ጠይቀሽኝ አታውቂም። ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስለምውል ነበር። ከእንግዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት አትደውዪ፤ ቤት የለሁም።

ቤትሽን ጤና ይሙላው። ልጅሽ በእግሯ ሮጣ የምትደክም፣ ደክማም የምትስቅ ያድርጋት። ያንቺንም ጉልበት ፈጣሪ ለብዙ ዘመን ያቆይልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ጫማ ሰሪው