ለጎብኚ የቆመችው ፍሪጃችን

ለክቡር የቀጠናው የመድኃኒትና የሕይወት ሳይንስ ማምረቻ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሕንፃዎችዎ በየዓመቱ አንድ አንድ ፎቅ እየጨመረ እንዲሄድ፣ ቤተሰብዎም መድኃኒት የሚባል ነገር ሳያስፈልገው ዕድሜውን እንዲጨርስ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴን እንደ ተራ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ፤ መድኃኒት ማስፈለግ እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ ከመድኃኒት ማምረቻ አጥር ሥር የምንኖር ሰዎች ጠንቅቀን እናውቃለን።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ፍሪጅ ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ጎረቤትዎ ነኝ። ጎረቤት ለመሆን የተንቀሳቀስኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ እኔ እዚያው ባለሁበት ነኝ፣ በየዓመቱ እየተጠጋ የመጣው አጥርዎ ነው፤ ስለዚህም «በፈጣን ዕድገት ላይ» የሚለውን የመንገድ ዳር ሰሌዳዎን ከልባቸው ከሚያምኑት ጥቂት ሰዎች አንዱ መሆኔን በኩራት እገልጻለሁ። የአስተዳደር ሕንፃው አልቋል፤ የእንግዳ መቀበያው አልቋል፤ የዓውደ ርእይ አዳራሹም በመስተዋት ተሸፍኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። የቀረው መድኃኒቱ የሚሠራበት ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መሠረቱ ከተቆፈረ ገና ሦስት ዓመቱ ስለሆነ ምን ያስቸኩላል?

ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬን አቅርቤ፣ ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በቁጥር እንዳስቀምጥ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ ከስምንት ወር በፊት፣ ማዕከሉ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሠራተኞችዎ አንዱ በአዳራሹ ውስጥ «የምርት ማከማቻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ከሥሩ ምንም ነገር እንዳልቆመ አስተዋለ። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው ስላለዎት እንኳን ደስ አለዎት። መፍትሔውም ሩቅ አልነበረም፤ አራት ተሸካሚዎች ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ተላኩና፣ ያለችንን አንዲት ባለ መስተዋት በር የመድኃኒት ፍሪጅ «ለአንድ ቀን በውሰት» ከነሆድ ዕቃዋ ተሸክመዋት ሄዱ። ነርሷ ቁልፎቿን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች ቤት ለቤት ክትባት ልትሰጥ ወጥታ ነበር። በቦታው የነበረው ጥበቃው ብቻ ሲሆን፣ እሱም በኋላ ስንጠይቀው «ማኅተም አይቼ እምቢ ልበል እንዴ?» ብሎናል። እውነቱን ነው፤ ማኅተም ላየ ሰው ምን ይፈረድበታል?

፪ኛ፦ ያ አንድ ቀን እስካሁን አልመሸም። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስኳር አለባት። የሰፈሩ መብራት ወደ ማዕከልዎ ከዞረ ወዲህ ቤታችን ያለው ፍሪጅ ቁም ሣጥን ሆኖ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለሚቀመጥበት፣ ኢንሱሊኗን ጄኔሬተር ባለው ጤና ጣቢያ ታስቀምጥ ነበር። ፍሪጇ ለክብር ከተጠራች በኋላ ግን እኔ፣ ዕድሜ ልኬን የሰው ፍሪጅ ሳቀዘቅዝ የኖርኩት ሰው፣ እንደገና የገዛነውን የባለቤቴን መድኃኒት በእርጥብ አሸዋ በተቀበረ ማሰሮ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርኩ። በየቀኑ ቴርሞሜትር እከትበት ነበር። በጋው ሲጠና ሠላሳ ሦስት አሳየኝ፤ እኔም አሸዋውን ደጋግሜ ውኃ ከማጠጣት በቀር ያደረግኩት ነገር የለም።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስገባ ራሷን ስፌት መኪናው ላይ ደፍታ አገኘኋት። እግሯ ከፔዳሉ አልወረደም፤ መርፌው የተማሪ ዩኒፎርም አንገትጌ ላይ እንደተተከለ ነበር። ጠራኋት፤ አልመለሰችልኝም። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ፈርቻለሁ፤ ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የጻፍኩልዎ። ሐኪም ቤት አራት ቀን ተኛች፤ መድኃኒቱን ሙቀት በልቶት ኖሮ ስትወጋ የኖረችው ውኃ ነው ለማለት ይቀላል። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችው አንገትጌው ጠሞ እንደሆነ ነው። ጠሟል።

፫ኛ፦ ፍሪጃችንን ለማስመለስ አሥራ አንድ ጊዜ ደጅዎን ጠንቻለሁ። የንብረት ክፍል ኃላፊዎ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው፤ አንድም ቀን ወንበር ሳይጋብዙኝ አልመለሱኝም። እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ አዳራሹን ጨምሮ «ንጹሕ» ወደተባለው ክልል አንዴ የገባ ዕቃ የጥራት ላቦራቶሪው መርምሮ ካላሳለፈው በስተቀር በበር አይወጣም፤ ላቦራቶሪው ደግሞ የሚሠራው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀመረው አንደኛው ሲያልቅ ነው። አንደኛው መቼ እንደሚያልቅ ስጠይቃቸው ውኃ አስመጡልኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የእርስዎ ላም ግን ከሰማይ ወርዳ የእኛን ጥጃ በውሰት መውሰዷ ልዩ ያደርጋታል።

አራተኛውን ቅሬታዬን ልጽፍ ስል ዕድል ቅሬታዬን ወደ አድናቆት ቀየረችው። ማዕከልዎ የሚያሳትመው ባለቀለም መጽሔት ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በአራተኛው ገጽ ላይ ክቡርነትዎ ክራቫት ካሰሩ እንግዶች ፊት እጅዎን ዘርግተው ቆመዋል፤ ከሥሩም «የመጀመሪያዎቹ ምርቶቻችን» ተብሎ ተጽፏል። እጅዎ የሚያመለክተው ፍሪጃችንን ነው። ማጠፊያዋን በብስክሌት ሽቦ ያሰርኩት እኔው ስለሆንኩ አልተሳሳትኩም። ገመዷ ተጠቅልሎ፣ በሪባን ታስሮ አናቷ ላይ ተቀምጧል፤ ማለትም ሶኬት አልነካችም። በመስተዋቱ በኩል ደግሞ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አንዲት ካርቶን ትታያለች፤ የነርሷ እጅ ጽሑፍ አለባት፤ «የልብስ ሰፊዋ ነው፤ አይነካ» ይላል።

ባለቤቴ ፎቶውን አየችና «እሰይ! የእኔን መድኃኒት ትልልቅ ሰው እየጎበኘልኝ ነው» አለች። ስቃ ስታበቃ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። በምን ምክንያት እንደጠረገችው አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከሰፈራችን እስከ አድማስ በተዘረጋው የመድኃኒት ማምረቻ ግቢዎ ውስጥ ያለው መድኃኒት አንድ ካርቶን ነው፤ እሱም ባሕር ማዶ የተሠራ፣ የባለቤቴ የሆነ፣ ጊዜው ካለፈበትም ሁለት ወር የሞላው ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔም ደጅ ከመጥናት በቀር ለስምንት ወር ዝም ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ዝምታ ባይነቅዝም መድኃኒት እንደሚበላሽ ስላየሁ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጻፍኩ። የምጠይቅዎ ፋብሪካ አይደለም። ፍሪጇን ይመልሱልን፤ ማስነሣቱን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ማዕከልዎ ከዚያ በኋላ እንዳሻው ይደግ።

አጥርዎ አልጋዬ ድረስ እስኪደርስ በጎረቤትነቴ የምጸና፣ የሰሌዳዎችዎ ታማኝ አንባቢ፣
ጡረተኛው ፍሪጅ ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ በመጪው ሰኞ ከባድ እንግዶች እንደሚመጡ ከአዲሱ ሰሌዳዎ ላይ አንብቤያለሁ። ምናልባት ከመካከላቸው አንዱ «ክፈቱልንና እንየው» ያለ እንደሆነ እንዳይደነግጡ፤ የፍሪጇ ቁልፍ እስከ ዛሬ ከነርሷ አንገት አልወረደም። ነርሷ፣ ባለቤቴና እኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ባለጋሪ ይዘን ዋናው በር ላይ እንጠብቅዎታለን። ባለቤቴ የምትመጣው መድኃኒቷን ለመረከብ እንዳይመስልዎ፤ የማዕከሉ ብቸኛ ምርት ባለቤት እንደመሆኗ መጠን ለእንግዶቹ ማብራሪያ ትሰጥልዎታለች።