ስድስቱ ቦኮላዎች

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5
ዝናብ። አሮጌዋን ካማሮ መኪናዬን በክሪክ አንስቼ ከሥር ተጋደምኩ። የፊት ሻንሲውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኙት ስድስቱ የጎማ ቦኮላዎች አልቀዋል። በጣቴ ስነካቸው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈሩ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞተር ተሸክሞ ማን የማያልቅ አለ? እዚያው ተጋድሜ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሳዳምጥ ቆየሁ... ዊላ ይህን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው መቼ ይሆን? የባለቤቴ ጆሮ ከደከመ ሦስት ዓመቱ። ባለፈው ገና ሰሞን ደግሞ ጨርሶ ተዘጋ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9
እንደ ድሮው ጎማ ወይስ ድፍን አሉሚኒየም? ጎማው የመንገዱን ንዝረት ይውጠዋል። ድፍኑ ቦዲውንና ሻንሲውን አንድ ያደርጋቸዋል። መሪ ስታዞር ወዲያው እሺ ትላለች፤ ግን እያንዳንዷ ጠጠር መቀመጫህ ድረስ ትመጣለች። ልቤ ድፍኑን ይላል። ግን ዊላ...
እሑድ እሑድ ወንዙን ይዘን እንሄድ ነበር። በገና ሰሞን እንዳይነዝራት ብዬ የመኪናዋ ወለል ላይ ወፍራም ምንጣፍ ደራረብኩላት። ከዚያ ወዲህ አንዴ ብቻ ወጣች። ስንመለስ "ደከመኝ፣ ከእንግዲህ ብቻህን ሂድ" አለችኝ። አሁንም እምቢ። እሷ ከጎኔ ካልተቀመጠች ይህ ሁሉ ብሎን ለማን ነው?
መላ መታሁ። ፊት ሁለቱ ድፍን፣ ወደ ወንበሩ ያሉት አራቱ ጎማ። አዘዝኩ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12
ዱዌይን መጣ። ጎረቤቴ ነው፣ አርባ ዓመት በያጅ የነበረ። ያዘዝኩት ዕቃ የመጣበትን ሳጥን ከፍቶ ሳቀ።
"ምን ልትሠራ ነው፣ ሾርባ? ያገኘኸውን ሁሉ የምትጨምረው።"
"ለዊላ እንዲመቻት ብዬ..."
"አንዱ ጫፍ ተይዞ ሌላው ሲወዛወዝ ብረቱ ይሰነጠቃል። ወይ ሁሉም ድፍን ወይ ሁሉም ጎማ፣ አንተ ሽማግሌ።" ከዚያ ሳጥኑን ዘጋና፣ "እሷስ ምን አለች?"
አልጠየቅኳትም። አፈርኩ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13
ሕልም። መኪናዋ ውሃ ላይ በቀስታ ስትሄድ... ዊላ ከጎኔ ትዘፍናለች፣ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እኔ ነኝ የማልሰማው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17
ዛሬ ጠየቅኳት። ትንሿ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ ድፍኑ ያንቀጠቅጣል፣ አይመችሽም፣ ስለዚህ ለስላሳውን... ሳልጨርስ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችው።
"ማን ነው ለስላሳ ይሁንልኝ ያለህ?"
ደክሞሻል ብዬ ነው፣ አልኳት በእጄ ምልክት።
"ያደከመኝ ጥጥ ውስጥ መቀመጡ ነው። ድሮ ማርሽ ስትቀይር በእግሬ አውቅ ነበር። ነዳጅ ስትረግጥ መናደድህን አውቅ ነበር። አሁን ዛፍ ሲያልፍ ብቻ ነው የማየው። አጠገብህ ተቀምጬ ብቻዬን ነኝ፣ ዋልተር።"
ምንጣፉን በገዛ እጄ አነጠፍኩት እኮ... አራት ወር ሙሉ መንገዱን ስደብቅባት ኖሬያለሁ። እንዴት አንዴ እንኳን አልጠየቅኳትም?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26
አራቱን ጎማ በድፍን አስለወጥኩ፤ ስድስቱም ድፍን። ምንጣፉም ወጣ። አንዱን ሳናስር ሌላውን አንፈታም፣ ሻንሲው እንዳይንሸራተት። በረዶ እንዲያቀልጥ ኦሃዮ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብሎኖቹን በልቷቸዋል። አንዱን ቸኩዬ ስታገለው ዳዶው ወለሉ ውስጥ አብሮ ዞረ። ዱዌይን ዘይት ቀድመህ ብታጠጣው ምን ነበረበት ብሎ ወረደብኝ። ወለሉን ቀዶ በየደው። ዊላ ስፓጌቲ ላይ ቺሊ የሚሉትን የሥጋ ወጥ አድርጋ አበላችን። እሷም በሳቅ ታየናለች።

እሑድ፣ ሜይ 4
ወንዙ ላይ ጭጋግ ተኝቶ ነበር። ዊላ ጫማዋን አወለቀች። እግሯን ባዶው ብረት ላይ ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች። ሞተሩን አስነስቼ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ ማርሽ ቀየርኩ።
"ሁለተኛ" አለች።
ቆይታ፣ "ሦስተኛ።"
ድልድዩን አለፍን... ፀሐይ ጭጋጉ ውስጥ ገብታ ሁሉም ነገር ወተት መሰለ።
"ነዳጁን ለቀቅከው። ምን ሆንክ?"
እንባ መንገዱን ጋርዶብኝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን አልገለጠችም።
"አራተኛ አስገባ እንጂ" አለች።
አስገባሁ።