አየር መሳቢያው የቆመ ጊዜ

ሄርፎርድ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የኩክስሃፈን የባሕር ንፋስ ተስማማሽ? ልጅሽና የልጅ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እንቅልፍ አለኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

«ያ ሰው ምነው አንዲት ቃል ቢተነፍስ? ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አብሮኝ ነበር። በጣም ተናድጄበታለሁ፣ ከቀብሩ ወዲህ መቃብሩን አላየሁትም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ደረጃው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ እዚያው ተቀመጥኩ። እህቴ፣ የዚህ መልስ ያለው እኔ ጋ ነው። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ባልሽ ፎልክማር የፋብሪካውን ወሬ ቤት ይዞ መግባት አይወድም ነበርና ሥራችንን በደንብ ላታውቂው ትችያለሽ። የኩሽና ቁምሳጥን በሮች ከታመቀ የእንጨት ብናኝ ተቆርጠው ይመጣሉ። ፎልክማር መርጫ ክፍሉ ውስጥ ኮላ ይረጭባቸዋል። ሲደርቁ እኔ ማሽኑ ላይ እደረድራቸዋለሁ፣ ስስ ፕላስቲክ ከላይ እዘረጋለሁ፣ ክዳኑን እዘጋለሁ። ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል፤ አየሩ ከሥር ሲመጠጥ ግፊቱ ከላይ ይጫነዋል፤ እንደ ቆዳ ይለጠፋል። ኮላው ውስጥ ግን የሚጨመር ማጠንከሪያ አለ። ያለ እሱ በሩ ምድጃ አጠገብ ሲሆን ፕላስቲኩ ይላቀቃል። ሲረጭ የሚወጣው ጉም ሳንባ ውስጥ ከገባ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ለዚህ ነው መርጫ ክፍሉ ትልቅ አየር መሳቢያ ያለው።

ባለፈው ኅዳር አጋማሽ መሳቢያው ቆመ። ባለቤቱ አቶ ኮትማየር «ዕቃው በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል፣ እስከዚያ በር ከፍታችሁ ሥሩ» አሉን። ሳምንቱ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። ነጭ በር በብዛት ታዞ ስለነበር መርጨቱ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም። የጭምብሉም ማጣሪያ አልቆ ለፎልክማር የወረቀት ጭምብል ሰጡት። ፎልክማር ከክፍሉ ሲወጣ ቅንድቡ ሁሉ ኮላ ሆኖ «እኔም እኮ ተረጨሁ፤ በል ማሽንህ ውስጥ ክተተኝና የአንዷ ሙሽራ ኩሽና በር ልሁን» ይለኝ ነበር። እስቅ ነበር። ሳል ሲጀምረው «ሲጋራህ ነው» አልኩት። «ሲጋራ ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አንተ ጅል» አለኝ። እሑድ እሑድ ሳሉ እንደሚተወው፣ ሰኞ ማታ እንደሚብስበት አንቺም አይተሻል። «ብርድ ነው» እያለ ሻይ ያስፈላሽ ነበር አይደል?

ብርድ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ኅዳር 28 ቀን፣ አንቺ መዝሙር ልምምድ ስትሄጂ፣ ኩሽናችሁ ውስጥ ቁጭ ብሎ አንድ ገጽ ጻፈ። መሳቢያው የቆመበትን ቀን፣ የጭምብሉን ነገር፣ የሚያፍነውን ሁሉ ጽፏል። በማግስቱ ለእኔ ሰጠኝና «ለሠራተኛ ተወካይዋ ለወይዘሮ ታፐ አድርስልኝ። እኔ ከሄድኩ ‹ይኸው ያ ጠበኛ መጣ› ይላሉ፤ አንተን ግን ይሰሙሃል። ለእህትህ እንዳትነግራት፤ ሥራውን ዛሬውኑ ታስተወኛለች» አለኝ። አነበብኩት። መጨረሻው ላይ «ይህን ሁሉ የሚስቴ ወንድም አይቷል፤ ጠይቁት፣ እሱ አይዋሽም» ይላል። «ዛሬውኑ አደርሰዋለሁ» አልኩና ኪሴ ከተትኩት።

በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ አቶ ኮትማየር ቢሮ አስጠሩኝ። የፈረቃ አለቃችን ጡረታ ሊወጣ ነበር። «ሰዉን የሚያረጋጋ፣ ነገር የማያባብስ ሰው ነው የምፈልገው» አሉኝ። ገጹ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰኞ ዕለት የአለቃውን ግራጫ ካፖርት ለበስኩ። ይህ ከዚያ ጋር ይያያዛል ወይም አይያያዝም አልልሽም። ቀኖቹን ብቻ ነው የጻፍኩልሽ።

ፎልክማር «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እያዩት ነው» አልኩት። ከሳምንት በኋላ እንደገና ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩለት። ለሹመቴ ብለሽ የጋገርሽውን የፕለም ፍሬ ኬክ ይዞልኝ የመጣ ዕለት ሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተ። ከዚያ ካፖርቴን አየና ኬኩን አቀበለኝ። «ሴትዮዋ ቅቤውን አልቆጠበችልህም፣ ብላ» አለኝና ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ገጽ አንስቶብኝ አያውቅም።

የካቲት ላይ የሆነውን ሰዎች ነግረውሻል፤ እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ረፋድ ላይ ነበር። ከመርጫ ክፍሉ የሸሚዙን ኮሌታ እየጎተተ ወጣ። አየር ይስባል፣ አይገባለትም። ትልቁን በር ከፈትኩ፣ ውጭ በረዶው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጀርባውን ደገፍኩት። እጄን ያዘ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። አምቡላንሱ ሲደርስ እጁ ለቆኝ ነበር። ምንም አልተናገረም፣ መናገር አይችልም ነበር። የማሽኑ ክዳን እንደተዘጋ ነበር፤ ማንም ስላልከፈተው በሮቹ ውስጡ ተቃጠሉ።

በቀብሩ ዕለት አቶ ኮትማየር «አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ አሰምቶ አያውቅም፤ ጨዋ ሠራተኛ ነበር» ሲሉ ሰምተሻል። የመቃብር ስፍራው በር ላይ ወደ እኔ ዞረሽ «እውነት ነው? ላንተም አልነገረህም?» አልሽኝ። «አዎ፣ አልነገረኝም» ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩልሽ። አንቺ ያንን ይዘሽ ነው ኩክስሃፈን የሄድሽው።

አሁን የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪዎች መጥተዋል። አቶ ኮትማየር መሳቢያው በጥር ተጠግኖ እንደነበር እንድመሰክር ለመኑኝ። አልጠገኑትም። ዓርብ ጠዋት ገጹን ከቁምሳጥኔ አውጥቼ ለተቆጣጣሪዎቹ ሰጠሁ፤ ምን ያህል ጊዜ እኔ ጋ እንደቆየም ነገርኳቸው። ወይዘሮ ታፐ እዚያው ነበሩ። አነበቡትና «ምነው እኔ ጋ ሳይደርስ?» ብለው አለቀሱ። ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ፤ ሰኞ አልመለስም። ሐሙስ ቢለፌልድ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ቀርቤ ሁሉንም በቃሌ እናገራለሁ። ምን እንደሚፈርዱብኝ አላውቅም፤ አልጠየቅኩምም።

ዋናውን ተቆጣጣሪዎቹ ወስደውታል፤ ቅጂው እዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። የእጁን ጽሑፍ ታውቂዋለሽ። ከላይ ያለውን ቀን ተመልከቺ። ባልሽ ዝም አላለም፣ እህቴ። በእሱ ላይ የያዝሽውን ቁጣ ከእሱ ላይ አንሺለት።

እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽኝ፣ ትምህርት ቤት እጄን ይዘሽ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ። ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ እንድትመልሺልኝም አልጠብቅም። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ልጅሽንና የልጅ ልጆችሽን ይጠብቅልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ።

መቃብሩ ጋ ስትመጪ፣ እኔ የምሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልታዪኝ ካልፈለግሽ ሌላ ቀን ምረጪ።

ታናሽ ወንድምሽ