የስታዲየማችን ሳንቃ ሌባ

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣ ባሕር ተሻግራ ስልክ መደወል ለረሳችው ወሬኛዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም የሚያመኝ እናትሽ ስታዘኝ ብቻ ነው።

እዚህ ሌባ ገብቷል። ከእንጨት ስታዲየማችን የመቀመጫ ሳንቃ እየተነቀለ ይጠፋል። ቅዳሜ መሐንዲሶች ሊፈትሹት ይመጣሉ፤ ጎዶሎ ካገኙበት ይፈርሳል ተብሏል። መቼም ታውቂያለሽ፣ ሲሠራ እንጨት መግዣ ስላልነበረን የሰፈሩ ሰው ከየቤቱ አዋጣ፤ ማን የአልጋ፣ ማን የቁም ሳጥን። ሴት አያትሽ ጠባቧን የጓዳችንን በር አስነቅላ ሰጠች። ዓመት ሙሉ ጓዳው በመጋረጃ ተዘጋ፤ እሷ ግን ስታዲየሙ ውስጥ መቀመጫ በሆነው በሯ ላይ ተቀምጣ ዳኛ ስትሰድብ ኖረች፣ ነፍሷን ይማር።

የጠረጠርኩት ወንፊትን ነው፣ ያንን የድሮ በረኛችንን። ኳስ መያዝ ያቃተው እጅ ሳንቃ ይይዛል ወይ እንዳትይ! ሰሞኑን ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ይሰብራል። ፀጉር አስተካካዩንም ጠርጥሬዋለሁ፤ ያለወትሮው በነፃ ላጨኝ። ዘበኛውን ብጠይቀው፣ «አባባ፣ እኔ የተቀጠርኩት የሚገባውን ልፈትሽ ነው፤ ስለሚወጣው ማንም አልነገረኝም» ብሎኝ አረፈ።

ትናንት እንደ ዋዛ ወንፊት ቤት ገባሁ። ሳንቃው ሶፋው ሥር ተጋድሟል!

«ያዝኩህ፣ አንተ ቀበኛ!»

«ቀስ በል እንጂ ሰውዬ! ይሄ የአባቴ ነው። ስታዲየሙ ቢፈርስ ማገዶ እንዳይሆን ብዬ ነው። ሌላውን የነቀልከው አንተ መስለኸኝ ሰላም ስልህ እንኳ እያፈርኩልህ ነበር።»

«እኔ?»

«የሚስትህ በርስ የት ገባ?»

ካንቺ አልደብቅም፤ በሩ አልጋዬ ሥር ነው፤ እኔም ሲነድ አላይም ብዬ። ለካ ሌባ የለም። እያንዳንዳችን የራሳችንን እያሸሸን፣ ጎረቤታችንን እየጠረጠርን፣ ከመሐንዲሶቹ ቀድመን እያፈረስነው ኖሯል።

ስለዚህ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ በሩን ተሸክሜ በገበያው መሀል አልፋለሁ። ይሳቅብኝ፤ የሳቀ ሁሉ ቤቱ ገብቶ አልጋው ሥር ይይ። ወንፊትም አብሬህ እመልሳለሁ ብሏል፤ ስለማላምነው ከፊት ከፊቴ እነዳዋለሁ።

መሐንዲሶቹ ባያሳልፉትስ? እሱን አታንሺብኝ። ብቻ በሩ አልጋዬ ሥር ከገባ ወዲህ እንቅልፌ ጥሩ ነበር፤ ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

ይኸው ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ፤ ወንፊት ሳንቃውን ተሸክሟል። ፀጉር አስተካካዩም የራሱን ይዞ ከኋላው ቆሟል፤ ማን ቀድሞ እንደሚሸሽ በጎን ይተያያሉ።

የጠረጠርሽው ክፉ ሁሉ ሐሰት ይሁንልሽ፤ ያመንሽው አይክዳሽ።

በር ተሸካሚው አያትሽ