በመስኮቱ ውስጥ ለሚያስተምሩን እመቤት፣ ስለ «ቢካም» ትምህርትዎ

ለክብርት የእንግሊዝኛ መምህርት
በፕላዝማው ቴሌቪዥን ውስጥ

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነስቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ጤናዎ አይጓደል፣ መብራትዎም አይጥፋ። እኔ በወረታ ከተማ እርስዎ በሚያስተምሩበት ክፍል የፕላዝማውን የብረት ሳጥን እየከፈትሁ የምዘጋው የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ያስተማሩን «ቢካም» የተባለው ግስ አንድ ነገር ያልነበረውን መሆኑን የሚገልጽ ከሆነ፣ መምህር ሆኖ ተቀጥሮ ቁልፍ ያዥ ከሆነ ሰው የተሻለ ምሳሌ አያገኙም።

አንደኛ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ቀልጦ ወንዝ እንደሚሆን በሥዕል አስደግፈው ስላስረዱን ከልብ እናመሰግናለን። የፎገራ ልጅ የግጦሹ መስክ በክረምት ሐይቅ፣ ቆይቶም የሩዝ ማሳ ሲሆን እያየ ያደገ ስለሆነ፣ ነገር እንደሚለወጥ እርስዎ ባይነግሩት ከየት ያውቅ ነበር?

ሁለተኛውን ለመጻፍም አፍራለሁ። ተማሪዬ ደብሬ ትምህርቱ ስላልገባት ልትተወው መሆኑን ብትነግረኝ፣ ገበሬ አባቷን አቶ አንለይን ከቁሐር ሚካኤል አስጠርቼ፣ ክፍሉን በዓይናቸው አይተው እንዲመክሯት ከኋላ ወንበር አስቀመጥኋቸው። እርስዎ በመስኮቱ ብቅ ሲሉ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው ባርኔጣቸውን አውልቀው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ። «በእግዜር» እስኪሏቸውም ቆመው ጠበቁ። እርስዎ ወደ ሥራዎ ገቡ። ተማሪው በሳቅ አውካካ፣ ደብሬ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች፣ እኔም «ይቀመጡ» በማለት ፈንታ የሳጥኑን ቁልፍ አገላበጥሁ።

ቀጥለው ተማሪዎቹ ወደፊት የሚሆኑትን በ«ቢካም» እንዲናገሩ ጠየቁ። ጥያቄዎን ብተረጉምላቸው፣ አቶ አንለይ እንደቆሙ ወደ ልጃቸው ዞረው «ተነሽና ንገሪያታ፣ አንች! ሰው ቁሞ እየጠበቀሽ!» አሏት። ደብሬ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመናገር ተነሣች። «አይ ዊል ቢካም ኤ...» ብላ ቀጣዩን ቃል ስትፈልግ፣ እርስዎ «ቬሪ ጉድ!» ብለው ወደሚቀጥለው ትምህርት አለፉ።

አባቷ «በጣም ጥሩ» መባሏን ከእኔ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ምን እሆናለሁ እንዳለች ጠየቁኝ። ገና እንዳልተናገረች ስነግራቸው፣ እርስዎን ትክ ብለው አዩዎትና፣ በእርስዎ ፋንታ አፍረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። «ልጄ ሰነፈች ብየ ስቆጣት ከርሜ!» አሉ ቀስ ብለው።

ሳጥኑን ከዘጋሁ በኋላ ደጃፉ ላይ ቆሜ ደብሬን የጀመረችውን እንድትጨርስልኝ ለመንኋት። «ጨርሻለሁ እኮ የኔታ፤ በጣም ጥሩ ተብያለሁ» ብላ ደብተሯን ሰበሰበች። እኔም ደጃፉን ለቀቅሁላት።

ከማይደክም አንደበትዎ ጋር በረጅም ዕድሜ ያኑርልን እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ኃፍረት፣

ታዛዥዎ ተክለ ሃይማኖት
ወረታ፣ 1998 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብሬ ከሰኞ ጀምሮ አልመጣችም። ከእርስዎ ክፍል እስከ ዛሬ አንድም ተማሪ ቀርቶብዎት ስለማያውቅ፣ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።