ለመስቀል ያጨድኩት ሳር

ለአባቴ፣

አባዬ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ሳሏ ለቀቃት? ላሟስ ወለደች? ዝናቡ አባራላችሁ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አካሌ ጤና ነው፣ በልቼ አድራለሁ፣ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽዎት አልቻልኩም። ስልክ ስለማይሰማዎት ነው የጻፍኩት። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለአክሊል እልክለታለሁ፣ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት፣ ሲያነብ ግን እማዬ አጠገባችሁ አትኑር።

አባዬ ሳር ገደልኩ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሳር ሲያጭዱ ለኖሩት ለእርስዎ ይሄ ሳቅ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ይሄ ሳር እንደኛ ሳር አይደለም። የምሠራበት የእርዳታ ድርጅት አለቃ ከዋጃ ነው፣ እዚህ ፈረንጅን እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ዘሩን ከብርድ ሀገሩ በሻንጣ አምጥቶ ግቢው ውስጥ ዘራው። ጁባ ደግሞ ብርድ የት አለ? መረብ ጥላ ተዘርግቶለት፣ ውሃ በቦቴ እየመጣለት፣ እንደ በሽተኛ ነው የሚኖረው። የሚያስታምመው አትክልተኛው ጋሽ ሐጎስ ነው። አለቃው ፈቃድ ሲወጣ፣ በኔ ሀገር ሳር የሚታደሰው በዚህ ወር ነው፣ ሙቀቱ አልፎ ብርዱ ሳይገባ፣ ስመለስ አረንጓዴ ሆኖ ካገኘሁት ኮንትራትህን አድስልሃለሁ ብሎት ሄደ።

ጋሽ ሐጎስ ደግሞ ለመስቀል አዲግራት ቤተሰቡ ጋ ሲሄድ ሳሩን ለኔ ሰጠኝ። እኔ ጽዳት ነኝ፣ ግን የሳር አጫጅ ልጅ ነኝ እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ሰምቶኛል። የደረቀውን አበጥሪ፣ የጠጠረውን መሬት በአትክልት ሹካ ውጊ፣ የሳሳው ላይ ዘር በትኚ፣ ውሃ ጠዋት ጠዋት፣ ማዳበሪያ ቆንጠር አድርገሽ ብቻ፣ ካጨድሽ ከአራት ጣት በታች እንዳትወርጂ አለኝ። አራት ጣቱን ሳሩ ላይ አቁሞ አሳየኝ። ሳምንት ሙሉ ያለኝን ሁሉ አደረግኩ፣ እውነቴን ነው።

የደመራ ዕለት ምግብ አብሳያችን አልጣሽ መጣችና፣ «አንቺ የሳር አጫጅ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሐበሻ ተጠርቶ መስቀልን በባዶ ሲሚንቶ ልናውል ነው? ጉዝጓዝ የለም?» አለችኝ። ሳቅን። ማጭድ አነሳሁ። አባዬ እጄ የሚያውቀው የእርስዎን አስተጫጨድ ነው፣ ከስሩ፣ አፈር እስኪነካ። እኛ ጋ ሲያጭዱት ይበልጥ ይበቅላል እንጂ መቼ ይሞታል? አራቱ ጣት ትዝ ያለኝ ሰዉ ሳሩን እየረገጠ ሲጨፍር ነው። አዳራሹ ግን እንዴት እንደሸተተ፣ ትልልቅ ሰዎች ጎንበስ እያሉ በእጃቸው ሲነኩት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆነ። ደንግጬ ማዳበሪያውን በእፍኝ በእፍኝ በተንኩበት፣ በቀትር፣ በልቶ ያገግማል ብዬ። ይኸው ተቃጠለ። አሁን ስረግጠው ይንኮሻኮሻል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ጋሽ ሐጎስ አርብ፣ ከዋጃው ቅዳሜ ይገባሉ። ጋሽ ሐጎስ አራት ልጅ አለው። ደግሞ አባዬ ያልነገርኩዎት ነገር አለ፤ ምግብ ቤት ነው ያልኩዎት የመጀመሪያው ሥራዬ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር ያለው፣ ምግብ ቤት አልነበረም። መጠጥ ቤት ነው። ሌላውን አይጠይቁኝ። ፓስፖርቴን ከባለቤትየዋ እጅ ያስለቀቀልኝ፣ እዚህ ቢሮ ገብቶ እንደ ልጄ ናት ብሎ የፈረመልኝ ጋሽ ሐጎስ ነው። ከዚህ ከተባረርኩ የማውቀው በር ያ ብቻ ነው።

አልጣሽ፣ «የሳሊሕ ፍየሎች በሉት በይና ተገላገይ» ትለኛለች። ሳሊሕ ዘበኛችን ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ሁለት ፍየል አጥሩ ጥግ ያስራል። አንዴ ገብተው ስለነበር ይታመናል። ትናንት እንደዚያው ብዬ ልናገር ቢሮ ሄጄ ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ሳልለው ወጣሁ አባዬ። ስወጣ ሳሊሕ ራሱ ጀሪካን ተሸክሞ ሳሩን ሲያጠጣልኝ አገኘሁት። «ቢንቲ፣ ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ፣ ልጄ ችግር የለም ማለቱ ነው። ሮጬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ ውርጭ ሜዳውን ሲመታው ሥር ነቅለው በጥፍርዎ ሲልጡ አይቻለሁ፣ ነጭ ከሆነ አለ፣ ቡናማ ከሆነ የለም ይሉን ነበር። ዛሬ ሦስት ነቀልኩ። ሁለቱ ቡናማ ናቸው። ሦስተኛው ጫፉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ነገር አለው፣ ይሁን አይሁን እንጃ፣ በፍርሃት ዓይን ነው የማየው። ፎቶውን አብሬ ልኬያለሁ፣ መስኮቱ ጋ ጠጋ ብለው ይዩልኝ። ውሃ ላብዛለት ወይስ ልተወው? ማዳበሪያው በውሃ ይታጠባል?

ሞቷልም ካሉ ይንገሩኝ፣ አይዘኑልኝ። ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሜ፣ ጋሽ ሐጎስ አፉን ሳይከፍት፣ ያጨድኩት እኔ ነኝ እላለሁ። በሳሊሕ አላሳብብም። ፈርቻለሁ፣ ግን እላለሁ።

አክሊል የእማዬን ጉልበት ይሳምልኝ፣ ጤና ናት ብቻ ይበላት። ትንሿን ኤልሳቤጥን ጉንጯን ሳሙልኝ፣ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። ላሟንም ግንባሯን ይሹልኝ። አክሊልዬ ወንድሜ፣ አባዬ ፎቶውን እንዳየ አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ፦ አለ፣ ወይም የለም።

ልጅዎ ማናህሎሽ
ጁባ፣ ሎሎጎ
መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.