ከዳቦው መልስ ጋር የመጣች ሳንቲም

ማክሰኞ፣ መጋቢት 14

ይድረስ ባሕር ማዶ ለሚኖረው፣ ይኖራል ለሚባለው ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው፤ ሰዓት እየጠገነ፣ ከእኔ ጋር እየተጨቃጨቀ ይውላል። ባለፈው በስልክ «እዚህ ብርዱ አይጣል ነው፤ ሥራም ስለበዛብኝ ዘንድሮ መምጣቴን እንጃ» ስትለኝ አዝኜ ነበር። ያዘንኩት እስከ ሐሙስ ድረስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ገዛሁ። ቤት ገብቼ መልሱን ሳየው አንዷ ሳንቲም የእኛ አይደለችም። በመጠኗ የእኛዋን ታክላለች፤ ላይዋ ላይ ግን ክንፏን የዘረጋች ወፍ አለች። ነጠላ ጫማዬን እንደተጫማሁ ተመልሼ «አንተ ሰውዬ፣ አሮጊት ናት ብለህ ነው?» አልኩት ዳቦ ሻጩን።

«እኔም ከሰው ተቀብዬ ነው፣ እማማ። ምን ላድርግ?» አለና ሌላ ሰጠኝ። ወፍ ያለባትንም በዚያው ይዣት መጣሁ፤ ፊቴን አይቶ መልሽልኝ ለማለት አልደፈረም።

አባትህ ያቺን የሰዓት ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሳንቲሟን አገላብጦ አያት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤህ ጋር ለማስታወሻ የላክህልንን ሳንቲም አወጣ። ያችው ወፍ ናት! «አጋጣሚ ነው» አልኩ። «ይሆናል» አለ። ቅዳሜ ከአትክልት ሻጯ ሁለተኛዋ መጣች። ትናንት ደግሞ አባትህ ፀጉር ቤት ሄዶ ሦስተኛዋን ይዞ ገባ። ራሰ በራ መሆኑን ታውቃለህ፤ የሄደው ለምርመራ ነው።

«ይቺን ማን ሰጠህ?» ብሎ ፀጉር አስተካካዩን ሲጠይቀው፣ «አንድ ቀጭን ልጅ ነው፣ አባባ። ጋራዡ ገብቶ መሥራት ከጀመረ ወር አይሞላውም፤ ከጀርባው ክፍል ተከራይቷል። ሲከፍል መዳፉን ይዘረጋና ‹ያንተን ለቅመህ ውሰድ› ይላል፤ ሳንቲሙን ዞር ብሎ እንኳ አያየውም» አለው።

ይህን ስሰማ አልጋው ላይ ዘጭ አልኩ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ሳያይ መዳፉን ለባለሱቅ የሚዘረጋ አንድ ሰው ነው የማውቀው፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ብቆጣው ብቆጣው ያልተወውን።

እኛ ወደዚህ ሰፈር የገባነው አምና ስለሆነ ማንም አያውቀኝም ብለህ ነው አይደል? ነገሩማ ይገባኛል። ስትሄድ «መኪና ካልነዳሁ ይህን ደጅ አልረግጥም» ብለህ ምለሃል። ያን ቀን ሰው ሁሉ ስቆ ነው የሸኘህ፤ ከአንተ በቀር መሐላውን የሚያስታውስ የለም። ደግሞስ መደበቅ የፈለገ ሰው ከእናቱ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ይከራያል? ናፍቀኸን ነው እንጂ። እኛም ናፍቀንሃል።

አባትህ «ተይው፤ ያፍራል፣ ሲደላው ይምጣ» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ አደርኩ። ዛሬ ጠዋት ግን እግሬ እምቢ አለኝና በጋራዡ በኩል አለፍኩ። ጎማ እያንከባለልክ ነበር። ከስተሃል፣ ልጄ። ሸሚዝህም ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል። ቀና ስትል እንዳታየኝ፣ አይተኸኝም እንዳታፍር ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ መንገድ ተሻገርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስናፍቀው ኖሬ፣ ልጄን ሳገኘው ሸሸሁት። ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሁለተኛ አላደርገውም። ይህን ደብዳቤ ፀጉር አስተካካዩ ይሰጥሃል። መኪናውን ተወው፤ እዚህ መንደር ማቆሚያም የለም። አባትህ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» እያለ ከመስኮቱ አልተነቀለም፤ የአንድ ሰው ሰዓት ከፍቶ ብሎኑን ጥሎበታል። እስከ ነገ ምሳ ድረስ እንጠብቅሃለን። ካልመጣህ ግን እኔ እመጣለሁ፤ ጋራዡ መሀል ቆሜ፣ አለቃህም ባለመኪኖቹም እየሰሙ፣ «ማሙሽዬ! ማሙሽዬ!» እያልኩ ነው የምጠራህ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፤ መንገድህንም ያቅናልህ። በእግር አምስት ደቂቃ ነው።

እናትህ